ሱስ፣ ሐራራና ጥገኝነት፤ ስለ ካናቢኖይድና ስለ ኦፒዮይድ በአማርኛ ሲጻፍ የሚታዩ የስያሜ ጉድለቶች

በካናቢስ ውስጥ የሚገኙት ንጥረ ነገሮችና ከኦፒየም የሚወጡት ወይም በእርሱ አምሳል የተሠሩት መድኃኒቶች በሰው አንጎል ውስጥ እንዴት እንደሚገናኙ፣ አንዱም በሌላው የሚመጣውን ሱስ እንዴት እንደሚያጠናክር ወይም እንደሚያላላ ካለፉት አራት አሥርት ዓመታት ወዲህ በሰፊው ተመርምሯል። ይኸው ምርምር በዜና፣ በሬዲዮ የጤና ዝግጅት፣ በሥልጠና ጽሑፎችና በትርጉም ረቂቆች አማካይነት ወደ አማርኛም በመግባት ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምርምሩ በአማርኛ ሲነገር የሚለብሳቸውን ቃላት መመርመር ነው። በበኩሌ የደረስሁበት አስተያየት፣ ቃላቱ ዛሬ በሚሠራባቸው መልክ እስከ ቀጠሉ ድረስ የአማርኛው አንባቢ ግኝቱ ምን እንደ ሆነ ሊያውቅ አይችልም የሚል ነው።

ጉዳዩ የሚነካው ሰው አለ። የካንሰር ሕመም ለጠናበት ሰው ሞርፊን ሲታዘዝለት ቤተ ሰቡ «ይኸ እኮ አደንዛዥ ዕፅ ነው፤ ሱስ ያስይዛል» ብሎ መድኃኒቱን ከራስጌው ያነሣል። ቤተ ሰቡ ያደረገው በአማርኛ የተነገረውን ማመን ብቻ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ1977 ያወጣው የመጀመሪያው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ሞርፊንን ይዟል (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እነዚህን ንጥረ ነገሮች ለመቆጣጠር የተፈረመው የ1961ዱ ዓለም አቀፍ ስምምነት ራሱ በመግቢያው ላይ ሕመምን ለማስታገሥ የግድ አስፈላጊ መሆናቸውን ይመሰክራል። ስምምነቱ በአማርኛ ሲጠራ ግን «የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነት» ይባላል፤ አድማጩም ከስሙ የሚረዳው ክልከላውን እንጂ ምስክርነቱን አይደለም።

«አደንዛዥ» የሚለው ቅጽል ከግሪኩ መነሻ ጋር በትክክል ይገጥማል። የ«ናርኮቲክ» ሥር የሆነው «ናርኬ» መደንዘዝ ማለት ነውና ቃሉን ወደ አማርኛ የመለሰው ሰው ሥራውን ያውቅ ነበር። ጉድለቱ የመጣው ቃሉ ከወሰኑ አልፎ ሲሄድ ነው። ዛሬ ኮኬይንና አምፌታሚን ሳይቀሩ አደንዛዥ ይባላሉ፤ እነዚህ ግን የሚያነቁና የሚያቅበጠብጡ ናቸው። «ዕፅ»ም እንዲሁ ነው። በግእዝ ዛፍ፣ እንጨት ማለት ነው፤ ዕፀ ሕይወት፣ ዕፀ በለስ፣ ዕፀ መሰውር የምንለው በዚሁ ፍች ነው። ሄሮይን ግን በ1874 በለንደን ከሞርፊን በቤተ ሙከራ የተሠራ ነው። ሜታዶንና ፌንታኒል ደግሞ ከየትኛውም ተክል ያልተቀዱ የኬሚስት ሥራዎች ናቸው። ዕማሬያዊ ፍቹ ተክል የሆነ ቃል ፍካሬያዊ ፍቹ ወንጀል ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ተርጓሚውን የሚጠብቀው ወጥመድ አለ። እንግሊዝኛው ሐኪም ለሚያዘውም በመንገድ ላይ ለሚሸጠውም «ድራግ» የሚል አንድ ቃል ይበቃዋል። አማርኛ «መድኃኒት»ና «ዕፅ» የሚሉ ሁለት ቃላት ስላሉት ተርጓሚው በየዐረፍተ ነገሩ ሳያስበው ዳኛ ይሆናል። አንድ ገጽ ላይ ሞርፊንን መድኃኒት ብሎ በሚቀጥለው ገጽ ዕፅ ይለዋል፤ ሞለኪዩሉ ግን አልተለወጠም። «መድኃኒት» ራሱ ንጹሕ ቃል ነው ለማለት አይደለም፤ የአይጥ መድኃኒት የሚገድል ነው፣ «መድኃኒት አደረጉበት» የሚባልም ሰው አልዳነም። ቢሆንም ስለ አንጎል ሥራ በሚጻፍበት ቦታ «ንጥረ ነገር» ወይም የቤተ ሰቡን ስም መጠቀም፣ «ዕፅ»ን ግን ለሕግና ለፖሊስ ጽሑፍ መተው ይሻላል ባይ ነኝ።

ለካናቢስ ተክል አማርኛ ስም ፍለጋ የሚሄድ ሰው «ዕፀ ፋርስ»ን ያገኛል። ስሙ የድርሳን መልክ ስላለው ተርጓሚን ያጓጓል። ነገር ግን ይኸው ስም፣ አንዳንድ ጊዜም «አጸ ፋሪስ» እየተባለ፣ በእፅዋት ስም ዝርዝሮች ውስጥ ለአስተናግር ተሰጥቶ ይገኛል። አስተናግር ዳቱራ ስትራሞኒየም የሚባለው ተክል ነው፤ አትሮፒንና ስኮፖላሚን አሉበት፤ የሚያውከውም አሴቲልኮሊን የተባለውን መልእክት አስተላላፊ ነው እንጂ የካናቢኖይድ ተቀባዮችን አይነካም። ፍሬውን የበላ ሰው እስከ መሞት ሊደርስ ይችላል። የሁለቱ ተክሎች መርዝም ሕክምናም የተለያየ ሆኖ ሳለ በአንድ ስም መጥራት የስም ብልጽግና ተብሎ የሚመሰገን አይደለም። «ሐሺሽ» ለሙጫው፣ «ጋንጃ» ለመንገድ ንግግር ይቆዩ፤ ለሳይንሱ ጽሑፍ «ካናቢስ» ከተለመደ ቆይቷልና እርሱው ይበቃል።

አሁን ወደ ሁለቱ ዋና ቃላት እንግባ። «ኦይድ» የሚለው ቅጥያ ከግሪክ የመጣ ሲሆን «መልክ ያለው፣ የሚመስል» ማለት ነው፤ አማርኛም «መሰል» የሚል አቻ አለው። ስለዚህ «ኦፒየም መሰል»፣ «ካናቢስ መሰል» ብሎ ማለፍ የሚቻል ይመስላል። ችግሩ ሁለቱ «ኦይዶች» አንድ ዓይነት ሥራ የማይሠሩ መሆናቸው ነው። ኦፒየት የሚባሉት ከአበባው ጭማቂ የሚገኙት ሞርፊንና ኮዴይን የመሳሰሉት ናቸው። ኦፒዮይድ ግን በኦፒዮይድ ተቀባይ ላይ የሚሠራውን ሁሉ፣ ፌንታኒልንም ሰውነት ራሱ የሚሠራቸውንም የሚያጠቃልል ስም ነው። ይህ ስም የተሰጠው በሥራ ነው። ካናቢኖይድ ግን አንዳንዱ በሥራው፣ አንዳንዱ በትውልዱ የተጠራ ነው። ካናቢዲዮል ከተክሉ ስለ ወጣ ካናቢኖይድ ይባላል፤ ዋናውን የካናቢኖይድ ተቀባይ የሚይዘው ግን እጅግ በደካማው ነው። «ካናቢኖይድ ሱስን ይቀንሳል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ስለ የትኛው እንደሚናገር ካልገለጸ ምንም አልተናገረም።

ሰውነት የሚሠራቸው አቻዎች የተገኙት ከተክሎቹ በኋላ ነው፤ ስማቸውም ይህን የፍለጋ ታሪክ ይዞ ቀርቷል። ጆን ሂውዝና ሃንስ ኮስተርሊትስ በ1975 በአበርዲን ከተማ ያገኟቸውን «ኤንኬፋሊን» አሏቸው፤ «በራስ ውስጥ ያለ» ማለት ነው። «ኤንዶርፊን» ውስጣዊ ሞርፊን ነው። በ1992 ዊልያም ዴቫን፣ ሉሚር ሃኑሽ፣ ራፋኤል ሜኩላምና ባልደረቦቻቸው ያገኙት የአንጎል ካናቢኖይድ ደግሞ «አናንዳሚድ» ተባለ፤ «አናንዳ» በሳንስክሪት ሐሴት ነው። እንዲህ ያለ ውብ ስም ሲያይ ተርጓሚ እጁን ይበላዋል። ይሁን እንጂ የሞለኪዩል ስም እንደ ሰው ስም ነው፤ ደስታ የሚባል ሰው ወደ ውጭ አገር ቢሄድ ስሙ አይተረጎምም። ሊተረጎም የሚገባው የወገኑ መጠሪያ ነው። ለዚህም «አካል ወለድ» የሚለውን አቀርባለሁ። «ውኃ ወለድ በሽታ» ከተለመደ ወዲህ የቃሉ አሠራር ለማንም እንግዳ አይደለም፤ ከባንክ ወለድ ጋር የሚያምታታውም አይኖርም። «ካናቢኖይድ»ና «ኦፒዮይድ» በውሰት ይቆዩ፤ በመጀመሪያው አጠቃቀም ላይ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይብራሩ።

«ሪሰፕተር»ን አማርኛችን «ተቀባይ» ብሎታል፤ ጥሩ ነው። ብቻውን መቆም አይችልም ተብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ «ተቀባይ ሕዋስ» እየተባለ ሲጻፍ ይታያል። ስለ ስሜት ሕዋሳት በሚሰጠው ትምህርት ተቀባይ ሕዋስ አለ፤ ብርሃንን የሚቀበለው የዓይን ሕዋስ ምሳሌ ነው። እዚህ የሚነገርለት ግን በሕዋሱ ሽፋን ላይ ተሰክቶ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። የኦፒዮይድ ተቀባይ መኖር በ1973 በሦስት የተለያዩ ቤተ ሙከራዎች ተረጋገጠ። የካናቢኖይዱን በ1988 አሊን ሃውሌትና ዊልያም ዴቫን ከባልደረቦቻቸው ጋር አሳዩ፤ በ1990ም የተቀባዩ ዘረ መል ተለየ። አንድ የነርቭ ሕዋስ ሁለቱንም ተቀባዮች በአንድ ጊዜ ሊሸከም ይችላል፤ የሁለቱ ቤተ ሰቦች ግንኙነት ከሚጠናባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። «ተቀባይ ሕዋስ» ያለ ተርጓሚ ይህን ሐሳብ ሊጽፈው አይችልም፤ ሕዋስ ሕዋስን ይሸከማል ማለት ይሆንበታልና።

ተቀባዩን ለማስረዳት የሚመጣው ምሳሌም ሲተረጎም ይሰናከላል። በባዕድ ቋንቋዎች መቆለፊያውና መክፈቻው ሁለት ስም አላቸው። በአማርኛ «ቁልፍ» በሩ ላይ ያለውም ኪስ ውስጥ ያለውም፣ የሸሚዝ መያዣውም ጭምር ነው። «እንደ ቁልፍና ቁልፍ ይገጥማሉ» የሚል ማብራሪያ ለተማሪ እንቆቅልሽ ነው። «ጓጉንቸርና መክፈቻ» ቢባል ግን የገጠሩም ልጅ ይረዳዋል። በዚሁ አጋጣሚ «አንጎል»ና «አእምሮ»ም ይለዩ፤ ተቀባዮቹ ያሉት በአንጎል ነው፣ በአእምሮ አይደለም። «በአእምሮው ውስጥ ለውጥ መጥቷል» የተባለለት ታካሚ የሚሰማው ሌላ ነገር ነው።

ዋናው ነገር ሁለቱ የሚገናኙበት ሁኔታ ነው። ለዚህ የተለመደው ቃል «መስተጋብር» ነው። በአፈጣጠሩ እንከን የለበትም፤ ከ«መስተዋድድ»ና ከ«መስተፃምር» ጋር በአንድ ማዕድ የሚቀመጥ ነው። ቅርጹ ግን እርስ በርስነትን ያዘለ ነው። «መስተፋቅር» ሁለት ሰዎችን እርስ በርስ ያፋቅራል እንደሚባለው ሁሉ (እርግጥ የሚያሠራው አንደኛው ወገን ብቻ ነው) «መስተጋብር»ም ሁለቱ ወገኖች እኩል አንዱ በሌላው ላይ የሚሠሩ ያስመስላል። የቤተ ሙከራው ውጤት ይህን ሁልጊዜ አይደግፍም።

በ1997 በጣልያን አገር ታንዳ፣ ፖንቲዬሪና ዲ ኪያራ ያወጡትን ጥናት እንውሰድ። የካናቢስ ዋና አስካሪ ንጥረ ነገር የሆነው ቲ.ኤች.ሲ. እና ሄሮይን፣ ሁለቱም በአይጥ አንጎል ውስጥ ኑክሊየስ አኩምቤንስ በሚባለው ክፍል ዶፓሚንን ከፍ ያደርጋሉ። የኦፒዮይድ ተቀባይ ሲዘጋ የሁለቱም ውጤት ይቀራል። የካናቢኖይድ ተቀባይ ሲዘጋ ግን የቀረው የቲ.ኤች.ሲ. ውጤት ብቻ ነበር፤ የሄሮይኑ አልተነካም። እንግዲህ በዚህ ነጥብ ላይ የካናቢሱ መንገድ በኦፒዮይዱ በር ያልፋል፣ የኦፒዮይዱ ግን በካናቢሱ በር አያልፍም። ይህን «መስተጋብር አላቸው» ብሎ መዝጋት ወንዙ የሚፈስስበትን አቅጣጫ ሳይናገሩ ስለ ወንዝ እንደ መናገር ነው።

የአሠራሩ ዝርዝርም ለቋንቋ ሰው የሚያስደስት ነገር አለው። ሁለቱም ተቀባዮች የተፈጥሮ ሥራቸው መግታት ነው፤ የተቀመጡበትን ሕዋስ ያበርዳሉ። የሚገቱት ሕዋስ ራሱ ሌላውን የሚገታ ሲሆን ግን ውጤቱ ተገልብጦ መነሣሣት ይሆናል። በመካከለኛው አንጎል የዶፓሚን ሕዋሳትን ጋባ በሚባል ንጥረ ነገር አማካይነት የሚይዙ ሕዋሳት አሉ፤ ሞርፊን እነዚህን ያዦች ሲገታ ዶፓሚን ይለቀቃል። ይህን አንዳንዶች «ኢ-ግታት» ሊሉት ይሞክራሉ፤ ቃሉ በዜማውም በትርጉሙም የሞተ ነው። «ልጓም ማላላት» ቢባል ምን ይጎድለዋል? ፈረሱ የተነሣው ሰው ስለ ገፋው አይደለም፤ ልጓሙን የያዘው እጅ ስለ ላላ ነው። ሐሳቡ በሙሉ በሁለቱ ቃላት ውስጥ አለ።

በ1999 ካትሪን ሌዳንና ባልደረቦቿ ያወጡት ጥናት ደግሞ ከሌላው አቅጣጫ የመጣ ነው። እነርሱ ያጠኑት የካናቢኖይድ ተቀባይ ቁጥር 1 ሳይኖራቸው የተወለዱ አይጦችን ነበር (እነዚህ ትንንሾቹ ናቸው፣ የጣልያኖቹ ትልልቆቹ ነበሩ፤ አማርኛችን ሁለቱንም አይጥ ይላል፣ ይህን ለሌላ ጊዜ እንተወው)። በእነዚህ አይጦች ላይ ሞርፊን ወዲያው የሚያመጣው ውጤት አልተለወጠም። ሞርፊኑን ደጋግሞ የመሻት ዝንባሌ ግን እጅግ ቀነሰ፤ ሲቋረጥባቸው የሚመጣውም ሕመም ቀለለ። የግኝቱ ክብደት ያለው በዚህ መለያየት ላይ ነው፦ ስቃይን ማስታገሥ፣ ደጋግሞ መሻትና የማቋረጥ ሕመም ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ተገኙ። ይህንኑ «ተቀባዩ የሌላቸው አይጦች በሞርፊን ሱስ አይያዙም» ብለን ስንተረጉም ሦስቱን እንደ ገና አንድ አድርገን ሰፋን ማለት ነው።

ስለዚህ «ሱስ» መመርመር አለበት። በባዕድ ቋንቋም ነገሩ ቀላል ሆኖ አልቆየም። የዓለም የጤና ድርጅት ኤክስፐርቶች በ1957 «ሱስ»ንና «ልማድ»ን ለመለየት ሞክረው ነበር። በ1964 ሁለቱንም ትተው «ጥገኝነት» የሚለውን መረጡ። በ1987 የታተመው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያም ያንኑ ቃል ያዘ፤ በኮሚቴው ውስጥ ያሸነፈው በአንድ ድምፅ ብልጫ እንደ ነበረ ቻርልስ ኦብራየንና ሁለት ባልደረቦቹ በ2006 ጽፈዋል። የአንድ ሰው ድምፅ ያስከተለው መዘዝ ቀላል አልነበረም። በሐኪም ትእዛዝ ሞርፊን ሲወስድ የቆየና ሰውነቱ የለመደው ሕመምተኛ ከሱሰኛ ጋር በአንድ ስም ተጠራ፤ ሐኪሞችም መድኃኒቱን ለመስጠት ፈሩ። በ2013 የወጣው አምስተኛው መመሪያ ቃሉን ትቶ «የአጠቃቀም መታወክ» ወደሚል አገላለጽ ዞረ፤ በሐኪም ቁጥጥር ሥር ላለ ታካሚም የሰውነት መላመድና የማቋረጥ ሕመም ለበሽታው ምልክትነት እንዳይቆጠሩ ወሰነ።

አማርኛ ይህን ሁሉ ጉዞ ያለፈው በ«ሱስ» ላይ ተቀምጦ ነው። ቃሉ ሰፊ ነው፤ የቡና ሱስ፣ የሲጋራ ሱስ፣ የጫት ሱስ፣ የመጽሐፍ ሱስ እንላለን። «የቡና ሱሴ ተነሣ» የሚል ሰው ራሱን እየወቀሰ አይደለም፤ «ሱሰኛ» የተባለ ሰው ግን ተወቅሷል። ከስሙ ወደ ቅጽሉ ስንሻገር ቀልዱ ፍርድ ይሆናል። በሕክምና ጽሑፍ «ሱስ»ን መተው አይቻልም፣ ተገቢም አይደለም፤ ጉዳት እያየ ሊያቆም ያልቻለን ሰው ሁኔታ እንዲገልጽ ይወሰን፤ «ሱሰኛ» ግን ከሕክምና ጽሑፍ ቢወጣ አንድም ትርጉም አይጎድልም፤ «ሱስ የያዘው ሰው» ይበቃል።

ለቀሩት ፍቾች ቃል ፍለጋ ግእዝ መቆፈር አያስፈልግም፤ የጫት ቃማዮች ቋንቋ በቂ መዝገብ ነው። ምርቃና የሞቅታው ስም ነው። ሐራራ ሰዓቱ ሲደርስ የሚመጣው ጉጉትና መቅበጥበጥ ነው። ዱካክ ጫት ያቋረጠውን ሰው በእንቅልፉ የሚያስጨንቀው ቅዠት ነው። ተናጋሪዎቹ ቤተ ሙከራ ሳይገቡ ደስታውን፣ ፍላጎቱንና የማቋረጡን ስቃይ ለያይተው ሰይመዋል፤ የ1999ኙ ግኝት የጠየቀውም ይኸንኑ ነበር። በዚህ መሠረት «ሐራራ» ለብርቱ ፍላጎቱ ብቻ እንዲውል አሳስባለሁ። በተለምዶ የማቋረጡንም ሕመም በከፊል ይነካል፤ ነገር ግን መለየቱ ይጠቅማል፦ ከሄሮይን የሚለይ ሰው ሕመሙ ባመዛኙ በቀናት ውስጥ ሲያልፍ ሐራራው ከዓመታት በኋላም አንድ መንገድ ወይም አንድ ፊት ሲያይ ሊነሣበት ይችላል። ያስሚን ኸርድና ባልደረቦቿ በ2019 ያሳዩት ካናቢዲዮል የቀነሰው ይህን ነበር። ሄሮይን ላቆሙ 42 ሰዎች በተሰጠው ሙከራ 400 ወይም 800 ሚሊግራም ካናቢዲዮል የወሰዱት፣ ሄሮይንን የሚያስታውስ ነገር ሲያዩ የተሰማቸው ሐራራና ጭንቀት ከሌሎቹ ያነሰ ሆነ። «ካናቢስ የሄሮይንን ሱስ አዳነ» የሚል ርእስ ለዚህ ጥናት የሚሰጥ ጋዜጠኛ በአራት ቃላት ሦስት ስሕተት ይሠራል፤ ካናቢሱ ካናቢዲዮል ነው፣ ሱሱ ሐራራ ነው፣ መዳኑም መቀነስ ነው።

ለማቋረጡ ሕመም «ማፈግፈግ» የሚል ትርጉም ይታያል፤ ይህ የሠራዊት ነው። «የማቋረጥ ሕመም» ግልጽ ነው። ሰውነት መጠኑን ሲለምድና ያው መጠን አልበቃ ሲለው የሚባለውን ደግሞ «መቻቻል» ብለው የተረጎሙ አሉ፤ መቻቻል የጎረቤቶች ነው፣ የጉበትና የአንጎል አይደለም። ሕዝቡ «ሰውነቴ ለመደው» ይላል። «የሰውነት መላመድ» እንበለው። ጀርሞች መድኃኒት ሲቋቋሙም «ተላመዱ» ስለሚባል «የሰውነት» የሚለው ገላጭ አይቅር። «ጥገኝነት» ከሁሉ ያስቸግራል። ለአንዱ ጥገኛ ትልን ያስታውሰዋል፤ በዋሽንግተን ወይም በአውሮፓ ከተሞች ለሚኖረው ደግሞ የስደት ማመልከቻን። «አካላዊ ጥገኝነት» በሚል ጥምር ብቻ ቢሠራበት እታገሣለሁ፤ ብቻውን ግን እንዳይቆም። ለታካሚ በቃል ሲነገር «ሰውነትዎ ለምዶታል፤ በድንገት ከተቋረጠ ያምዎታል፤ ሱስ ይዞዎታል ማለት ግን አይደለም» ማለት ከማናቸውም ስያሜ ይበልጣል።

ከስሞቹ ይልቅ ትኩረት የተነፈገው ግን የግሡ አካባቢ ነው። በ2014 በአሜሪካ የወጣ ጥናት የሕክምና ካናቢስ ሕግ ባላቸው ግዛቶች ከ1999 እስከ 2010 ባለው ጊዜ በኦፒዮይድ ከልክ በላይ መውሰድ የሚደርሰው ሞት በ24.8 በመቶ ዝቅ ብሎ መገኘቱን ገለጸ። በ2019 ቼልሲ ሾቨርና ባልደረቦቿ ያንኑ ስሌት እስከ 2017 ሲያስቀጥሉት ተገለበጠ፤ ሞቱ በ22.7 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። በግዛት ደረጃ የሚታይ ተዛምዶ ስለ አንድ ሰው አንጎል ሊመሰክር እንደማይችል ጸሐፊዎቹ አስጠንቅቀዋል። በአማርኛ ማስጠንቀቂያውን የሚያጠፋው አንድ ፊደል ነው። «ግዛቶቹ ካናቢስን በመፍቀዳቸው ሞት ቀነሰ» ስንል «በ» ምክንያትን ፈርዷል። «ካናቢስን በፈቀዱት ግዛቶች ሞት ዝቅ ብሎ ተገኘ» ስንል ያው «በ» ቦታን ብቻ ይነግረናል። ተርጓሚ ሁለተኛውን ጽፎ ቢሆን ኖሮ የ2019ኙ ዜና ሲመጣ ቀድሞ የጻፈውን መሻር አያስፈልገውም ነበር።

በመጨረሻ ስለ ናሎክሶን። ይህ የኦፒዮይድን ተቀባይ ይዞ ሌላውን የሚያስወጣ መድኃኒት ነው፤ ከልክ በላይ ወስዶ ትንፋሹ የቆመውን ሰው ይመልሳል። ለስሙ «ተቃዋሚ»፣ «ባላንጣ»፣ «ጸረ ኦፒዮይድ» ሲባል ሰምቻለሁ። አማርኛ «ማርከሻ» የሚል ቃል እያለው ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም። በውጭ አገር ሆስፒታል ለአማርኛ ተናጋሪ እናት የሚያስተረጉም ሰው ጊዜው የደቂቃዎች ነው፤ «ማርከሻውን እንስጠው» ቢላት ወዲያው ትረዳለች። «ማርከሻ» ግን ለዚህ ብቻ ይሁን፤ ተቀባይን የሚዘጋ ሁሉ ማርከሻ አይደለም። የካናቢኖይድ ተቀባይን የሚዘጋው ሪሞናባንት በ2006 በአውሮፓ ለውፍረት ሕክምና ተፈቅዶ የመንፈስ ጭንቀት በማስከተሉ በ2008 ከገበያ ወጥቷል፤ ለእርሱ «ዘጊ» ይበቃዋል። ናሎክሶንም ለኦፒዮይድ እንጂ ለካናቢስ ስካር አይሠራም። «ዕፀ ፋርስ ወስዶ ነው» ተብሎ የመጣው ልጅ የበላው አስተናግር ከሆነም አይሠራለትም፤ ስለዚህ አስተርጓሚው ስሙን ወደ ሌላ ቋንቋ ከመመለሱ በፊት ተክሉ ምን ዓይነት ፍሬ እንደ ነበረው መጠየቅ ይኖርበታል። የአስተናግር ፍሬ እሾኻማ ነው።